ለከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ትክክለኛውን የባፈር ክብደት እንዴት እንመርጣለን?

ኤአር 15 ዓይነት ጠመንጃ ጥይት ሲነክስ ወይም ትከሻ ሲያሳምም ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ከባድ ባፈር (ሰደፉ ውስጥ ከሞላው ፊት የሚቀመጥ ክብደት) መግዛት ነው። አንዳንዴ ይሠራል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ጠመንጃው ንጹሕ ሆኖ፣ በጠንካራ ጥይትና በሞቃት ቀን ይሠራና ቆሽሾ ወይም ብርድ መጥቶ ሳለ ያሳፍራል። ባፈር በግምት የሚመረጥ ዕቃ አይደለም። በሚዛን ይለካል፣ በተኩስ ይፈተናል፣ ከዚያ ይወሰናል።

ሙያዬ መካኒክስ ነው፤ የምኖረውም የምሠራውም አራት ኪሎና ፒያሳ መካከል ነው። ስለዚህ ጉዳይ የሚጠይቁኝ በአብዛኛው አሜሪካ የሚኖሩ፣ በሚኖሩበት ግዛት ሕግ መሣሪያ ይዘው ኢላማ የሚለማመዱ ወገኖች ናቸው። ለበዓል ሲመጡ ፒያሳ ማኪያቶ ላይ ያወሩኛል፤ ካልሆነም በቴሌግራም ቪዲዮ ይልካሉ። የጻፍኩትም ለእነሱ ነው። እዚህ አገር የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ስለሚከለክል ፈቃድ የሌለው ሰው ይህን ጽሑፍ ለዕውቀት ብቻ ያንብበው።

ባፈሩ የሚሠራው ሥራ

ውትድርና ያለፈበት ሰው ክላሽ መፍታትና መግጠም ያውቃል። ክላሽ ውስጥ የሚመልሰው ሞላ ከካሪየሩ (የጥይት ቤቱን መዝጊያ ቦልት ተሸክሞ ከሚመላለሰው ብረት) ጀርባ፣ እዚያው አካሉ ውስጥ ያልቃል፤ ሰደፉን አጥፎ መተኮስ የሚቻለውም ለዚህ ነው። ኤም 1 ጋራንድ ላይ ደግሞ ሞላው ከበርሜሉ ሥር ተዘርግቷል። አሜሪካዊው የመሣሪያ ንድፍ አውጪ ዩጂን ስቶነር ኤአር 15ን ሲነድፍ ግን ሞላውን ሰደፉ ውስጥ ባለ ቱቦ ከተተው፤ በሞላውና በካሪየሩ መካከልም ባፈር የሚባለውን ክብደት አስቀመጠ።

ጥይቱ ሲተኮስ በበርሜሉ ላይ ካለች ትንሽ ቀዳዳ ጋዝ ይወጣና በቀጭን ቱቦ ወደ ኋላ ተመልሶ ካሪየሩን ይገፋል። ቦልቱ ዞሮ ይከፈታል፣ ቀለሁን ስቦ ይጥላል፣ ባፈሩንና ሞላውን እየገፋ እስከ ቱቦው ጫፍ ይሄዳል። ከዚያ ሞላው ይመልሰዋል፤ በመመለሻው ላይ ከካዝናው አዲስ ጥይት አንስቶ ያጎርሳል። ይህ ሁሉ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ያልቃል።

የባፈሩ ክብደት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የሚንቀሳቀሰው ነገር ሲከብድ ጉዞው ይዘገያል። ቦልቱ ትንሽ ዘግይቶ ስለሚከፈት በርሜሉ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ ቀለሁም በግድ ሳይሆን በቀላሉ ይወጣል። የካዝናው ሞላም ቀጣዩን ጥይት ወደ ላይ ለመግፋት ጊዜ ያገኛል።

ሌላም ሥራ አለው። መደበኛ ባፈርን ስታንቀጠቅጡት ውስጡ ይንኳኳል፤ ሦስት ክብደቶች ትንሽ ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታሉና። የሚኒባስ ታክሲ በር በኃይል ሲዘጋ ተመልሶ ሊከፈት ሲል ረዳቱ በእጁ ደግሞ ይገፋዋል፤ ቦልቱ ፊት ለፊት ተላትሞ ወደ ኋላ ሊነጥር ሲል እነዚያ ክብደቶች ዘግይተው ደርሰው እንደዚያ ይገፉታል። ይህ በተለይ ሙሉ አውቶማቲክ መሣሪያ ላይ ወሳኝ ነው፤ ከፊል አውቶማቲክ ላይ ጥቅሙ ያንሳል፣ ግን አለ።

የባፈሩ ታሪክ ራሱ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ ጦር የኤም 16ን ጥይት ባሩድ ሲለውጥ የመሣሪያው የተኩስ ፍጥነት ጨመረ፤ ብልሽትም በዛ። ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱ በውስጡ ተንሸራታች ክብደት ያለውን አዲስ ባፈር ማስገባት ነበር። ጥይት፣ ጋዝ፣ ሞላና ክብደት አንድ ላይ ነው የሚታዩት። አንዱን ለውጦ ሌሎቹን መርሳት አይቻልም።

ክብደቶቹ

አጭሩና በብዛት የሚገኘው የካርባይን ባፈር ነው። መደበኛው ወደ 3 አውንስ፣ ማለትም 85 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ውስጡ ሦስት የብረት ክብደቶች አሉ። አንዱ ብረት በተንግስተን (ከብረት በሚከብድ ማዕድን) ሲተካ ኤች ይባላል፣ ወደ 108 ግራም ይደርሳል። ሁለቱ ሲተኩ ኤች 2፣ ወደ 131 ግራም። ሦስቱም ተንግስተን ሲሆኑ ኤች 3፣ ወደ 154 ግራም። አንዱን ክብደት በለወጣችሁ ቁጥር 23 ግራም ገደማ ይጨመራል ብላችሁ ያዙት። አምራቾች በጥቂት ግራም ይለያያሉ፤ ስለዚህ ባፈሩ ፊት ላይ ያለውን ፊደል ብቻ አትመኑ።

ረጅሙ የራይፍል ባፈር ደግሞ ወደ 145 ግራም ሆኖ ቋሚ ሰደፍ ላለው ጠመንጃ የተሠራ ነው። ሁለቱን ማደባለቅ ክልክል ነው። አጭሩን ባፈር በረጅሙ ቱቦ ካስገባችሁ ካሪየሩ ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ ሄዶ የጠመንጃውን አካል ይመታል። ረጅሙን በአጭሩ ቱቦ ካስገባችሁ ደግሞ ካሪየሩ መንገድ ያጣል። 308 ጥይት የሚተኩሱት ትልልቆቹ ጠመንጃዎች የራሳቸው ልክ አላቸው፤ በጋዝ ሳይሆን በቀጥታ ግፊት የሚሠሩት የ9 ሚሊ ሜትር ካርባይኖችም እንዲሁ። እነሱን እዚህ አልነካም።

ባፈር ከመንካታችሁ በፊት

ካዝናውን አውጡ። ቦልቱን ስባችሁ ክፍት አድርጋችሁ ያዙ። ጥይት ቤቱን በዓይንም በጣትም ፈትሹ። ጥይቶችን ከምትሠሩበት ክፍል አውጡ። ይህን ሳታደርጉ ወደ ቀጣዩ መስመር አትለፉ።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ ካዝና ላይ ይሁን። ካዝናዎቻችሁን በቁጥር ምልክት አድርጉባቸውና ብልሽቱ በየትኛው እንደሚመጣ መዝግቡ። አንዱ ላይ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የካዝናው ነው፣ ባፈር አይፈውሰውም። ቀጥሎ ቅባት። ደረቅ ካሪየር በጋዝ እጥረት ከሚሠቃይ ካሪየር ጋር አንድ ዓይነት ምልክት ያሳያል።

ከዚያ ካሪየሩን አውጡና ጋዝ የምትቀበለውን ቁራጭ እዩ። ከካሪየሩ አናት ላይ በሁለት ብሎን ታስራለች። በእጃችሁ ለማነቃነቅ ሞክሩ፤ ንቅንቅ ካለች ወይም በሥሯ ጥቁር የጭስ መስመር ካለ ጋዝ እያመለጠ ነው። ብሎኖቹን አጥብቆ ጠርዛቸውን በመርገጫ መቀጥቀጥ የጠመንጃ ጥገና ባለሙያ ሥራ ስለሆነ ለእሱ ስጡት።

የቦልቱን ቀለበቶች ደግሞ እንዲህ ትፈትሻላችሁ፦ ቦልቱን ወደ ፊት ሳቡና ካሪየሩን በቦልቱ ፊት ላይ ጠረጴዛ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ካሪየሩ በራሱ ክብደት ወደ ታች ከተንሸራተተ ቀለበቶቹ አልቀዋል፤ ለውጧቸው። ርካሽ ዕቃ ነው።

አሁን ባፈሩን አውጡ። መነጽር አድርጉ፤ ሞላው ተጨምቆ ነው ያለው። አውራ ጣታችሁን ባፈሩ ፊት ላይ ደግፋችሁ መያዣውን ፒን ወደ ታች ተጫኑና ቀስ ብላችሁ ልቀቁት። የሞላውን ርዝመት ለኩ። የካርባይን ሞላ ተዘርግቶ ሲለካ ከ25.6 እስከ 28.6 ሴንቲ ሜትር፣ የራይፍል ሞላ ከ29.8 እስከ 34.3 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ከታችኛው ልክ ካጠረ ሞላው ደክሟል፤ በደከመ ሞላ ላይ ባፈር መምረጥ ድካም ነው።

ባፈሩን በግራም ሚዛን መዝኑ። ፒያሳ ወርቅ ቤቶች ጠረጴዛ ላይ የምታዩት ዓይነት ትንሽ ሚዛን ይበቃል። ቁጥሩን ጻፉ። ሰው ኤች 2 አለኝ ብሎ ሲያወራ ቆይቶ ሲመዝነው 85 ግራም ሆኖ ያገኘዋል፤ ያገለገለ ጠመንጃ ሲገዛ ይህ ብርቅ አይደለም።

አንድ ምልክት፣ ሁለት ተቃራኒ በሽታ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ምላጭ ትስባላችሁ፣ ይተኩሳል፤ ደግማችሁ ትስባላችሁ፣ ጠቅ ይላል፣ ምንም የለም። ከፍታችሁ ስታዩ ጥይት ቤቱ ባዶ ነው፣ ካዝናው ውስጥ ግን ጥይት አለ። ይህ የሚሆንበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ጋዝ አንሶ ካሪየሩ በቂ ወደ ኋላ ሳይሄድ ተመለሰ፤ ጥይቱን አልፎ ከኋላው ስላልደረሰ ሊያነሳው አልቻለም። ሁለተኛው፣ ጋዝ በዝቶ ካሪየሩ በጣም ፈጥኖ ሄዶ ተመለሰ፤ የካዝናው ሞላ ጥይቱን ገና ወደ ላይ ሳይገፋው ከላዩ አለፈው። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። መድኃኒታቸው ግን ተቃራኒ ነው። ለመጀመሪያው ከባድ ባፈር ብትሰጡት ይብስበታል።

የሚለያቸው ሌላው ምልክት ነው። ጋዝ ሲያንስ ርግጫው የለሰለሰ ይሆናል፤ ቀለሁ አቅም አጥቶ ከተኳሹ ቀኝ ወደ ኋላ ይወድቃል፤ አንዳንዴም ሳይወጣ ቀርቶ መውጫው ላይ ቆሞ ይያዛል፤ ካዝናው ሲያልቅ ቦልቱ ተከፍቶ አይቀርም። ጋዝ ሲበዛ ርግጫው ስለታም ነው፤ ቀለሁ ወደ ፊት በኃይል ይወረወራል፤ ጠርዙ ላይ የመሳቢያው ጥፍር የተነከሰ ወይም የተቀደደ ምልክት ይተዋል።

ኮሎራዶ የሚኖር የአክስቴ ልጅ እንዲህ ያለ ችግር ገጥሞት ኤች 3 ገዝቶ ገጥሞ ባሰበት። በስልኩ ዘገምተኛ ቀረጻ ቪዲዮ ልኮልኝ አራት ኪሎ ቁጭ ብዬ ምስል በምስል አየሁት። ካሪየሩ ወደ ኋላ ሲሄድ መውጫው በኩል ይታያል፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ እያመነታ ይመለሳል። ቀለሁ ከመውጫው ወጥቶ ሁለት ጊዜ በዝግታ ተገለበጠና ጫማው አጠገብ ወደቀ። ጋዝ እንዳነሰው ግልጽ ነበር። ካሪየሩን አውጥቶ ፎቶ አንስቶ ሲልክልኝ ጋዝ መቀበያዋ ሥር ጥቁር ጥላሸት ተሰልፏል፤ ከሁለቱ ብሎኖች አንዱ ልል ነበር። ባለሙያ አጥብቆለት ኤች ገጠመ፤ ሠራ። ኤች 3ቱ መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ።

የቀለሁን አቅጣጫ በሰዓት ሳህን ማሰብ የተለመደ ነው፤ አፈሙዙ 12 ላይ ይሁን። ከ3 እስከ 4 ተኩል የሚወድቅ ጤናማ ይባላል፣ 1 እና 2 ላይ የሚወረወር ጋዝ በዝቶበታል፣ 5 ላይ የሚንጠባጠብ አንሶታል። እኔ ይህን እንደ ፍንጭ እንጂ እንደ ፍርድ አልወስደውም፤ የማስወጫው ሞላ ጥንካሬና ቀለሁ የሚመታው ጉብታ አቅጣጫውን ይለውጡታልና። ከቀለሁ ጠርዝና ቦልቱ ተከፍቶ ከመቅረቱ ጋር አብራችሁ ካላያችሁት ብቻውን አትመኑት።

መነሻ ክብደት

በርሜሉ 16 ኢንች፣ የጋዝ ቱቦው መካከለኛ ከሆነ በመደበኛው ወይም በኤች ጀምሩ። 16 ኢንች ሆኖ የጋዝ ቱቦው አጭሩ ካርባይን ከሆነ ቀዳዳው ለጥይቱ መነሻ ቅርብ ስለሆነ ግፊቱ ይበረታል፤ ኤች፣ አንዳንዴም ኤች 2 ይስማማዋል። ከዚያ ያጠሩ በርሜሎች በኤች 2 ይጀምራሉ፤ አሜሪካ ውስጥ ከ16 ኢንች ያጠረ ጠመንጃ የፌዴራል ምዝገባ እንደሚጠይቅ አትርሱ። 20 ኢንች በርሜልና ቋሚ ሰደፍ ያለው የራሱን ረጅም ባፈር ይዞ ይቀመጥ፤ ስቶነር ከመጀመሪያው ያሰበው ልክ ነውና ብዙ መነካካት አይፈልግም።

የጋዝ ቱቦውን ለመለየት የእጅ መያዣውን ለኩ። ካርባይን ወደ 18 ሴንቲ ሜትር፣ መካከለኛው ወደ 23፣ ራይፍል ወደ 31 ነው። መያዣው ተለውጦ ከሆነ በውስጡ ጋዝ መያዣዋ (በርሜሉ ላይ የጋዝ ቀዳዳዋን የምትሸፍነው ቁራጭ) የተሰካችበትን ቦታ ተመልከቱ።

ፈተናው

የምትጠቀሙበትን ጥይት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ በተለይ ደካማውን። ቀላል የተሞላ 223 ሬሚንግተን ከ5.56 ኔቶ ጥይት ያነሰ ጋዝ ስለሚሰጥ ፈተናው በእሱ ይሁን። በርሜላችሁ ላይ 223 ብቻ ተጽፎ ከሆነ ግን 5.56 አትተኩሱበት። የጆሮና የዓይን መከላከያ ያለ ክርክር ነው።

ካዝናው ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ አስገቡ። አጉርሱ፣ ተኩሱ። ቦልቱ ተከፍቶ መቅረት አለበት። ይህን በየካዝናው ደጋግሙት። ተከፍቶ መቅረት ማለት ካሪየሩ ሙሉ ጉዞውን ሄዷል ማለት ነው፤ ከዚህ የተሻለ ቀላል ፈተና አላውቅም። መጀመሪያ ግን ባዶ ካዝና ገጥማችሁ በእጅ ሳቡትና ቦልቱን ክፍት አድርጎ የሚይዘው መያዣ ራሱ መሥራቱን አረጋግጡ፤ አለዚያ የመያዣውን ጥፋት በጋዝ ታሳብባላችሁ።

ሁሌም ተከፍቶ ከቀረ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ውጡና በደካማው ጥይት ድገሙት። ይህን እያደረጋችሁ አንድ ቀን አንድ ክብደት ላይ ተከፍቶ መቅረት ያቅተዋል። ያ የጣሪያችሁ ምልክት ነው። ከእሱ አንድ ደረጃ ውረዱ። ብዙ ሰው የሚሠራውን ከባዱን ባፈር ይመርጥና ርግጫው ለስላሳ ሆነልኝ ብሎ ይደሰታል፤ እኔ ግን ያ ክብደት አንድ ጊዜ እንኳ ካመነታ አልቀበለውም። ለስላሳ ርግጫና አስተማማኝነት ሲጋጩ አስተማማኝነቱን ያዙ።

በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አትለውጡ። ጠንካራ ሞላና ከባድ ባፈር አብራችሁ ከገጠማችሁ የትኛው እንደሠራ ወይም እንዳጠፋ መቼም አታውቁም።

የመረጣችሁትን በሙሉ ካዝና አረጋግጡ። ሙሉ ካዝና የመጀመሪያውን ጥይት ለማንሳት ይከብዳል፤ የመጨረሻዎቹ ጥይቶች ደግሞ የካዝናው ሞላ ስለላላ ፍጥነት ላይ ይፈትኑታል። ቀጥሎ ጠመንጃውን ሳታጸዱ ደግማችሁ ተኩሱ። ከዚያም ሰደፉን ትከሻ ላይ አጥብቃችሁ ሳትደግፉ፣ ግን በቁጥጥራችሁ ሥር አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ልል አያያዝ ጋዙ ላይ ያለውን ጭንቀት ይጨምራል። እነዚህን ሁሉ ካለፈ ተስማምቶታል።

ብርድ፣ ከፍታና ድምፅ ማፈኛ

ከአዲስ አበባ ከፍታ አንጻር ባፈሩ ይለወጣል ወይ የሚል ጥያቄ ይመጣልኛል፤ ዴንቨር የሚኖሩም ይጠይቃሉ። አይለወጥም። ጥይቱ ሲተኮስ ጥይት ቤቱ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ከአየር ግፊት በሺዎች እጥፍ ስለሚበልጥ ከተማው ባሕር ዳርቻ ቢሆን ተራራ ላይ ልዩነቱ አይሰማውም። ብርዱ ግን ይሰማዋል። በቅዝቃዜ ባሩዱ ግፊት ይቀንሳል፣ ቅባቱም ይወፍራል። በሙቀት ወቅት ጣሪያው ላይ የመረጣችሁት ክብደት ጥር ላይ በሚኒሶታ በረዶ ይነክሳል። ብርድ አገር ያላችሁ ፈተናውን በብርዱ ወቅት ድገሙት፣ ወይም ከጅምሩ አንድ ደረጃ ቀለል አድርጉ።

ድምፅ ማፈኛ በሚፈቀድበት ቦታ የምትጠቀሙ ከሆነ ጋዙ በርሜል ውስጥ ስለሚቆይ የካሪየሩ ፍጥነት ይጨምራል። ኤች 2 ወይም ኤች 3 የሚያስፈልገው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። ማፈኛውን አንዴ የሚያደርግና አንዴ የሚያወጣ ሰው ግን በአንድ ባፈር ሁለቱንም ማስደሰት ይከብደዋል። ለእሱ የተሻለው ጋዙን የሚመጥን የሚስተካከል ጋዝ መያዣ ነው። በአጠቃላይም የጋዝ ቀዳዳው ከልክ በላይ ሰፍቶ ከተሠራ ባፈር ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ መንስኤውን አያጠፋም፤ ኤች 3 ገጥማችሁ ቀለሁ አሁንም 1 ላይ የሚወረወር ከሆነ ሌላ ክብደት ከመፈለግ ጋዙን አስለኩ።

የተስማማውን ባፈር ክብደት በግራም፣ የሞላውን ርዝመትና የፈተናችሁበትን ጥይት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከጠመንጃው ጋር አስቀምጡ። ሞላው ሲያጥር ወይም የጥይቱ ዓይነት ሲለወጥ ባፈሩን ሳትቀይሩ የአንድ ጥይቱን ፈተና መጀመሪያ ድገሙ።